ሰላም ሳይሉ ማለፍ

በእኛ ከተማ መሄድና መድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መድረሱ ቀላል ነው፤ ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ዳገት የላት ቁልቁለት የላት፣ እግር ያለው ሁሉ ይደርሳል። ከባዱ መሄዱ ነው። ከቤቴ ወጥቼ ሐይቁ ዳር እስክደርስ ስንቱን ሰው ደህና አደርህ፣ ደህና አደርሽ ማለት እንዳለብኝ ብታዩ፣ እናንተ ብትሆኑ ቤታችሁ መዋል ይሻላችሁ ነበር። ደግሞ ደህና አደርሽ ብሎ ማለፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የወገቡ ሕመም፣ የልጅቱ ትምህርት፣ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ ከሐሙሲት የሚመጣው አማች፣ ሁሉም በየተራው ይጠየቃል። አንዱን የዘለለ ሰው ቀኑን ሙሉ ስሙ ሲነሣ ይውላል።

እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ሥራዬም አያስቀምጠኝም። አሳ ነጋዴ ነኝ፤ ከቁንዝላ በጀልባ የሚመጣውን አሳ ማለዳ ሐይቁ ዳር ተቀብዬ ለየምግብ ቤቱ አደርሳለሁ። ጉልበቴ አስቸግሮኝ ሐኪሙ ከእንግዲህ ብዙ መሄድ የለም ቢለኝ፣ ሦስት ቀን ቤት ውዬ ግድግዳውን ልበላው ምንም አልቀረኝ። ትልቋ ልጄ ሁኔታዬ አላምር ቢላት የኤሌክትሪክ ስኩተር ገዛችልኝ። ቤንዚን አይጠጣ፣ ድምፅ የለው፣ ሲሄድ እንደ ድመት ነው። ከኋላው የአሳ ሣጥን አሠርቼ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ ወጣሁ። ባሌ ሙላቱ በመጀመሪያው ቀን አፍሮ በሩን ዘጋ። በሁለተኛው ቀን በሩን ገርበብ አድርጎ አየኝ። በሦስተኛው ቀን ከኋላ ልቀመጥ አለ።

ችግር የመጣው በሰላምታ ነው። በእግሬ ሳለሁ ቆሜ የምጠይቀውን ሁሉ አሁን እየበረርሁ እጠይቅ ጀመር። አንድ ጠዋት አንድ ቄስ አግኝቼ በወጉ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ፤ ቀና ብል የሸንኮራ ጋሪ ውስጥ ነኝ። ሰው አልተጎዳም፤ ሸንኮራው ግን መንገዱን ሞልቶት ዋለ፣ እኔም ስለቅም ዋልሁ። ደግሞ እንዲህ የሆንሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ስኩተር በከተማው በዝቷል፣ ድምፅ ስለሌለው እግረኛ አይሰማውም፣ መላተም የየዕለት ነገር ሆነ። ይኸን ያዩ የትራፊክ ፖሊሶች፣ ስኩተር የሚነዳ ሁሉ አራት ቅዳሜ ይሠልጥን፣ በአራተኛው ቅዳሜ ይፈተን፣ ያለፈበትን ወረቀት ያልያዘ ከዚያ ወዲያ አይነዳም አሉ። ወረቀት ካጣሁ ስኩተር የለም። ስኩተር ከሌለ ያ ግድግዳ አለ።

አሠልጣኛችን ሳጅን ደሳለኝ የልጄ እኩያ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ እማማ ቢለኝ ወደ ቤቴ ልመለስ ነበር፤ እትዬ በለኝ ብየው ታረቅን። ሜዳው ላይ የተሰበሰበው ሁሉ ጢሙን ያልጨረሰ ጎረምሳ ነው፤ ከመሀላቸው ቀሚስ ለባሿ እኔ ብቻ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ያየሁትን ግን አልረሳም። የሄልሜቱን ማሠሪያ፣ የፍሬቻውን ቁልፍ፣ ፍሬን ቀስ አድርጎ መያዙን ከጎረምሶቹ ቀድሜ አወቅሁት። ታዲያ ሳጅኑ አደጋ የሚያመጣብን ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ አንዱ ፍጥነት አለ፣ ሌላው ስልክ አለ። እኔ ሰላምታ አልሁ። ጎረምሶቹ ሳቁ። ሳጅኑ አልሳቀም፤ እንዲያውም እሳቸው ያሉትን ያዙ አላቸው። ከዚያ ወዲያ ትእዛዙ ይኸው ሆነ፦ ሁለት እጅ መሪው ላይ፣ ዓይን ወደ ፊት፣ እየነዱ ለማንም ሰላምታ የለም። በፈተናው ቀን ደግሞ ከነጩ መስመር ሳይደርስ እግሩን መሬት ያስነካ ወድቋል።

ተማሪ ስሆን ቀልድ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት አገጬን ቀና አድርጌ፣ ግራ ቀኝ ሳልል፣ ሰፈሩን ሰንጥቄ አለፍሁ። ሰፈሩም ያለውን አለ። ስኩተር አገኘችና ሰው ጠላች አሉ። እሱን ቻልሁት። ያልቻልሁት ዘይነባን ነው።

ዘይነባ እመንገዴ ላይ ሱቅ አላት፤ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች፣ አባቷም አያቷም በዚያው ንግድ የኖሩ ናቸው። ሃያ ዓመት ጓደኛዬ ናት። በዓል ሲመጣ እሷ የእስላሙን ሥጋ፣ እኔ የክርስቲያኑን፣ በየድስታችን እንለያያለን። አሳ ግን ባርኮ የሚያርደው አይጠይቅም፤ አሳ ሲሆን በአንድ ትሪ ነው። ስለዚህ ከማመጣው አሳ ውስጥ ደህናውን መርጬ በየሳምንቱ ለእሷ አስቀምጣለሁ፣ እሷም ታሰናዳና አብረን እንበላለን። ያን ሰኞ እበሯ ላይ ተቀምጣ እጇን አነሣችልኝ፤ አለፍኋት። ማክሰኞ ብድግ ብላ ቆመች፤ አለፍኋት። ረቡዕ ብድግም አላለች፣ እጇንም አላነሣች። ሐሙስ ስመለስ እሱቋ ባጣት የተለመደውን አሳ እበሯ ላይ አንጠልጥዬ ሄድሁ።

ከሥራ ስመለስ አሳው የኔ በር ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቀኝ።

ወዲያው በእግሬ፣ ጉልበቴን እየጎተትሁ፣ ሱቋ ሄድሁ። ሻሽ እየለካች ነበር። ገዢ የለም፤ ዝም ብላ ትለካለች። ቀና አለችና እንግዳ እንደሚቀበል ሰው፣ "ምን ልታዘዝዎት?" አለችኝ።

እስቲ አስቡት። ሃያ ዓመት ሙሉ አንቺ ስትለኝ፣ ስትሰድበኝ፣ ሻሼን ስትነጥቀኝ የኖረች ሴት እርስዎ አለችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። የሳጅኑን ትእዛዝ፣ ሁለቱን እጅ፣ ዓይንን ወደ ፊት፣ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ሰማችኝ፤ ጨርቁንም አጠፈች።

"እኔን ለመተው እኮ ፖሊስ አያስፈልግዎትም ነበር" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንደገፋኋቸው አትጠይቁኝ። ሱቋ ጋ ስደርስ ቆሜ ልለምናት እልና ካስለመድሁት በፈተናው ቀን እግሬ ራሱ ይቆማል ብዬ እፈራለሁ። ሳልቆም አልፍና ሐይቁ ዳር ስደርስ ጀልባውን ትቼ ልመለስ ይዳዳኛል። አሳው የሚመዘነው ትክክል ይሁን አይሁን አላይም። ሙላቱ አንድ ቦታ እርጊ ይለኛል፤ የምረጋበትን ቦታ ግን አያሳየኝም። እሱ ያው ዝምተኛ ነው፤ ዝም ብሎ ምን እየሠራ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

የፈተናው ቅዳሜ ደረሰ። ሜዳው ዳር ዳሩን በገመድ ተከቧል፣ ከገመዱ ወዲያ ወሬ ለማየት የመጣው ሕዝብ ቆሟል። ከፊቴ የነበሩት ጎረምሶች ሁለቱ ሜዳው ላይ የተደረደረውን የፕላስቲክ ኮን ገጭተው ወደቁ። ተራዬ ሲደርስ ሁለት እጄን መሪው ላይ አደረግሁ። በኮኖቹ መሀል እንደ እባብ ተጠማዘዝሁላቸው። ፍሬቻ ባሉኝ ቦታ ፍሬቻ፣ ፍሬን ባሉኝ ቦታ ፍሬን። ሳጅኑ ወረቀቱ ላይ እየጻፈ ራሱን በአዎንታ ሲነቀንቅ በዓይኔ ጠርዝ አየሁት። አንድ ኩርባ ብቻ ቀረኝ፤ ከኩርባው ወዲያ ነጩ መስመር።

ኩርባውን ስጨርስ ከገመዱ ወዲያ ቢጫ ሻሽ አየሁ። ዘይነባ ናት። እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ መዳፏን ወደ ታች አድርጋ፣ ታርገበግበዋለች። በእኛ አገር እንዲህ ያለ እጅ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ነይ ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ስጠብቀው የነበረ ነይ። መስመሩ ዐሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

እግሬ እኔን አላማከረኝም።

ፍሬኑን ያዝሁ፣ ወረድሁ፣ ስኩተሩን በማቆሚያው አቆምሁ፣ ሄልሜቱን ከነሻሼ ነቅዬ ገመዱ ጋ ደረስሁ። አንገቷን አቅፌ ጉንጯን ሳምሁ። እሷ ግን ደርቃ ቀረች።

"ምን ሆነሽ ቆምሽ?" አለችኝ።

"ጠርተሽኝ ነዋ።"

"ማን ጠራሽ? ሂጂ፣ እለፊ፣ አትዪኝ ነው ያልሁሽ። ሙላቱ ትናንት ሱቄ መጥቶ ነገሩን ሁሉ ቢያስረዳኝ፣ ላበረታታሽ ብዬ ሱቄን ዘግቼ ብመጣ፣ አንቺ የማትረቢ!"

አንቺ አለችኝ። ሌላው አልተሰማኝም።

ሳጅን ደሳለኝ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ሁለታችንንም አየን፣ መስመሩንም አየ። እትዬ፣ የዛሬው ምርጥ ፍሬን አያያዝ የእርስዎ ነው፣ ግን ወድቀዋል አለኝ። ለካስ ዘይነባ ከኔ የባሰች ናት፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከኔ ቀንስ ብላ ተነሣችበት። እሱም በትሕትና እርስዎ አልተመዘገቡም አላት። እመዘገባለኋ አለች። ከኋላ የተሰለፉት ጎረምሶች በሳቅ ሞቱ፤ ሳጅኑም እየሳቀ ለሚቀጥለው ወር ዙር ስሜን ጻፈው። የእሷን ይጻፈው አይጻፈው አላየሁም።

ያለ ወረቀት መንዳት ስለማይቻል ስኩተሩን እየገፋሁ ወደ ቤት ተመለስን፤ እኔ በአንድ በኩል፣ ዘይነባ በሌላው በኩል መሪውን ይዛ። የሦስት ሳምንቱን ስድብ ሳታስቀር ሰደበችኝ። በመሀል ትቆምና ሰው ሰላም ትላለች፣ ከዚያ ካቆመችበት ትቀጥላለች። እኔም ያለፍኋቸውን ሁሉ፣ ወገቡን፣ ጣሪያውን፣ የሐሙሲቱን አማች፣ አንድም ሳልዘል ጠየቅሁ። ጉልበቴ ሲነዝረኝ ስኩተሩን ደገፍ እላለሁ፣ ደግሞ እንሄዳለን። ከሜዳው እስከ ሰፈራችን ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ባትሪው ሙሉ ነበር።