ቀዩ ፖስተር ወደ ፀሐይ የወጣበት ዜና

በዐሥራ አራተኛው «የመጨረሻ» ዘመነ መንግሥት፣ ይኸውም «የመጨረሻ እርግጠኛ» የተባለው ፋይል ከዙፋኑ ወርዶ «የመጨረሻ እርግጠኛ ሁለት» በነገሠ በሦስተኛው ቀን፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ዐቃቢተ ኅዳግ፣ መዋኢተ ፒክሰል፣ እመ ቀለማት፣ ወለተ ሾፌር የሆኑት እትዬ ሚሊሜትር ወረቀት ከቤት ወደ ደጅ አወጡ። ዝንቱ ውእቱ ዜናሆሙ። ያየነውን እንጽፋለን፤ ያላየነውንም ከማተሚያ ቤቱ ወረቀት ቆራጭ ሰምተን እንጨምራለን።

እትዬ መባላቸው በዕድሜ አይደለም፤ ገና ሠላሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ነገር ግን ስለ ሁለት ሚሊሜትር ጉድለት ሦስት ቀን ማኩረፍ የሚችል ዲዛይነር በማተሚያ ቤቱ ከእርሳቸው በቀር ስላልተገኘ፣ ታላቅም ታናሽም በአንድ ቃል ሾማቸው። ግዛታቸውም በምሥራቅ እስከ መስኮቱ፣ በምዕራብ እስከ ወረቀት መቁረጫው ማሽን፣ በደቡብ እስከ መጸዳጃ ቤቱ በር ይደርስ ነበር፤ በሰሜን በኩል ግድግዳ ነው።

አባታቸው ሊቀ መሪ ዘመስመር ሰባት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰባት ቁጥር አውቶቡስን ነድተው አንድ የጎን መስታወት ሳይሰብሩ በክብር ጡረታ የወጡ፣ ጎረቤት ስለ ልጃቸው ሥራ በጠየቃቸው ጊዜ ሁሉ ኮምፒውተር ትነካካለች ብለው ወሬውን ወደ ሌላ ይመልሱ ነበር። ይህም ከክፋት አልነበረም። እትዬ ሚሊሜትር እስከዚያ ዘመን የሠሯቸው ሥራዎች ሁሉ በስልክ ውስጥ ተወልደው በስልክ ውስጥ የሞቱ ነበሩና፣ አንድ ቀን ሁለት ወር የደከሙበትን ማስታወቂያ ለማሳየት ስልኩን ቢሰጧቸው፣ የሽማግሌው አውራ ጣት ሳይታሰብ ነካ አድርጎት ማስታወቂያው ጠፋ፣ በምትኩም የአንዲት ድመት ቪዲዮ ወጣ፣ አባትም ጎበዝ ልጄ ብለው ድመቷን አመሰገኑ። ያ ነገር ከእትዬ ሚሊሜትር ሆድ አልወጣም።

እንግዲህ የአውቶቡስ ድርጅቱ የመስመር ሰባትን መነሻ ሰዓቶች በትልቅ ፖስተር አሳትሞ በየፌርማታው ሊሰቅል ባሰበ ጊዜ፣ ሥራው በእትዬ ሚሊሜትር እጅ ወደቀ። ከአባታቸው ቤት ፊት ለፊትም አንድ ፌርማታ አለ። እርሳቸውም አባቴ በእጁ የሚዳስሰውን ሥራ ሳላሳየው አልቀርም ብለው ማሉ፤ ፊደሉን ሽማግሌ ያለ መነጽር እንዲያነበው አገዘፉ፤ ነጩን ባዶ ቦታ፣ እዚህ ጋ አርማ፣ እዚያ ጋ የአለቃ ፎቶ ካልገባ ከሚሉ ወራሪዎች ሁሉ ጠበቁ። ሁሉም ተገዛላቸው፤ ቀዩ ግን ዐመፀ።

ቀዩ የአውቶቡሱ ቀይ መሆን ነበረበት። በስክሪን ላይ ልክ ነበር፤ በወረቀት ታትሞ ናሙናው በወጣ ጊዜ ግን ሁሉም የየራሱን ቀይ አየ። የማሽን ክፍሉ ጌታ ጋሽ ሮለር በጣሪያው ነጭ መብራት አይተው ሐምራዊ ሆነ አሉ፤ ወረቀት ቆራጯ በጠረጴዛዋ ቢጫ አምፖል አይታ ብርቱካን ነው አለች፤ የአውቶቡስ ድርጅቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ደግሞ ናሙናውን በዓይኑ ሳያይ፣ ፎቶው በስልክ ተልኮለት፣ ይህን አዋጅ ሰደደ፦

«ሰላም ለሁላችሁም። ቀዩ ትንሽ ደመቅ ይበል፣ ግን ዓይን አይውጋ። የኛ ቀይ ረጋ ያለ ቀይ ነው። አመሰግናለሁ።»

ስለዚህም የመጀመሪያው ናሙና ተጥሎ ሁለተኛው ታተመ፣ ሁለተኛው ተነቅፎ ሦስተኛው ታተመ፣ ጦርነቱም አራት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ጋሽ ሮለር የእጃቸውን ጨርቅ ማሽኑ ላይ ጥለው በኮሪደሩ አስነገሩ፦

«ስሙ እንግዲህ። ከዚህ በላይ ቀለም አልጨምርም፣ ወረቀቱ አይደርቅልኝም። ቀይ ማለት ይሄ ነው። ያልጣመው በእርሳስ ይቀባ።»

በዚያው ዕለት ኃላፊው በአካል መጣ፣ በማሽኑም አጠገብ ቆሞ ከፊተኛው የከፋ አዋጅ አወጣ፦

«እስከ ስድስት ሰዓት ካልተስማማን ወረቀቱ ይቅር። በስልክ እንለቀዋለን። ዘመኑም የስልክ ነው።»

ይህን በሰሙ ጊዜ ያቺ ድመት በእትዬ ሚሊሜትር ዓይነ ኅሊና መጣች። የተጣለውን ሳይቀር ሦስቱን ናሙናዎች ይዘው ከመብራት ወደ መብራት ሲንከራተቱ ግን ነገሩ ተገለጠላቸው። ፖስተሩ የሚሰቀለው በማሽን ክፍል አይደለም፣ በጠረጴዛ አምፖል ሥርም አይደለም፣ በመንገድ ዳር በፀሐይ ነው፤ አራት ቀን ሙሉ ግን አንድ ሰው እንኳ በሩን ከፍቶ ሊያየው አልወጣም። ያን ጊዜ ወንበር ላይ ሳይወጡ፣ ወንበሩ ይነቃነቅ ነበርና፣ እንዲህ ብለው አወጁ፦

«ሁላችሁም ተነሡ፣ ደጅ እንወጣለን። በፀሐይ ያላየ ስለ ቀይ አያውራ።»

ከመቀመጫቸው እስከ ደጁ ዐሥራ አንድ እርምጃ ነው። ከፊት እትዬ ሚሊሜትር ሦስቱን ናሙናዎች ያልደረቀው ቀለም እንዳይነካካ በክንዳቸው ዘርግተው፤ በቀኛቸው ጋሽ ሮለር፣ እጃቸው ከጋብቻቸው ቀን ጀምሮ ነጽቶ የማያውቅ፤ በግራቸው ወረቀት ቆራጯ፣ በዘጠኝ ዓመት አገልግሎት ዐሥሩንም ጣቷን ያተረፈች፤ ከኋላ ኃላፊው ከነሁለት ስልኩ፣ የማተሚያ ቤቱ ጸሐፊም ከነማኅተሟ፤ በመጨረሻም እሳት የተነሣ መስሏቸው የተከተሉ ሁለት የፎቶ ኮፒ ደንበኞች። ሠራዊቱም በሩ ላይ በደረሰ ጊዜ የጥበቃ ሠራተኛው እጁን ዘርግቶ አወጀ፦

«ንብረት ያለ መውጫ ፈቃድ አይወጣም። ወረቀትም ቢሆን ንብረት ነው።»

ይህም ሰው ሕጉን ያውቅ ነበር። ሦስት ወረቀት ለማውጣት አራተኛ ወረቀት ተጻፈ፤ የማኅተሙ ቀለም ደርቆ በተገኘ ጊዜ ጋሽ ሮለር ከማሽናቸው ቀለም በጣታቸው አጥቅሰው ሰጡ፤ ፈቃዱም በሚያጨቃጭቀው ቀይ ታትሞ ወጣ። ሰዓቱ ለስድስት ሰባት ጉዳይ ነበር።

ናሙናዎቹ በፀሐይ ተዘረጉ። ሦስተኛው የደረቀ ደም ይመስል ነበር፣ ሁለተኛው ጡብ። የመጀመሪያውን እያዩ ሳለ፣ እነሆ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ በመንገዱ መጣ፣ እትዬ ሚሊሜትርም ወረቀቱን ይዘው ሮጡ። ሾፌሩ ተሳፋሪ መስለውት ቆመ፣ በሩንም ከፈተ፣ እርሳቸው ግን ወረቀቱን ከአውቶቡሱ ጎን ላይ ለጠፉት፣ ሁለቱ የፎቶ ኮፒ ደንበኞችም አጋጣሚውን ተጠቅመው ተሳፈሩ። ወረቀቱና ቆርቆሮው ግን አንድ ሆነው ነበር፤ ከነጩ ጠርዝ በቀር የሚለያቸው አልነበረም። ከአራት ቀን በፊት የተጣለው፣ ያ የመጀመሪያው ናሙና፣ ከጥንቱም ልክ ነበር።

ኃላፊውም የኅትመት ፈቃዱን በጥበቃው ጀርባ ላይ አስደግፎ ፈረመ፣ የመጨረሻ አዋጁም ይህ ሆነ፦

«ይሄኛው ይሁን። እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ይሄንኑ ነበር።»

ጋሽ ሮለር በዚያች ሰዓት ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ማሽናቸው ተመለሱ፤ ይህ ትዕግሥታቸው ከገድላቸው ሁሉ ይበልጣል።

በሳምንቱ ፖስተሩ በየፌርማታው ተሰቀለ። አባት ለጧት መንገዳቸው ሲወጡ እትዬ ሚሊሜትር ከጋዜጣ መሸጫው ጀርባ ተደብቀው ያዩ ነበር። ሽማግሌው ቆሙ፤ ከላይ እስከ ታች፣ እያንዳንዱን ሰዓት፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ሰባት ቁጥር መጣ፤ በእጃቸው ሸኙት። ሁለተኛው መጣ፤ እርሱንም ሸኙት። የወረቀቱን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ደግመውም ዳሰሱ፣ ነገሩም ባለበት ጸንቶ ቆየ። ከዚያም ወደ ተሰለፈው ሕዝብ ዞረው፣ በሾፌርነታቸው ዘመን ቲኬት ያልያዘውን ያስወርዱበት በነበረው ድምፅ አወጁ፦

«ስሙኝማ ተሳፋሪዎች። ይሄን የሠራችው ልጄ ናት። የሰባት ተኩሉ ሁልጊዜ ዐሥር ደቂቃ ይዘገያል፤ እሱ የሷ ጥፋት አይደለም።»

መዋኢተ ፒክሰልም ከጋዜጦቹ ጀርባ አለቀሱ፤ ይህን አንሸሽግም።

ይክበሩ እንግዲህ እትዬ ሚሊሜትር፣ ፀሐይን ዳኛ ያደረጉ፣ በሰባት ደቂቃ ስልክን የረቱ። ስማቸው በፖስተሩ ላይ የለም፤ ነጩን ቦታ ለራሳቸው ስም እንኳ አሳልፈው አልሰጡም። ነገር ግን በዚያ ፌርማታ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ፣ አንድ ጡረተኛ ሾፌር በሕይወት እስካሉ ድረስ፣ ሳይጠይቅ ይነገረዋል።