የጋሽ ኑሩ ምላስ

ሰው በምን በምኑ እንደሚቀና ብትሰሙ ትገረማላችሁ። አንዱ በጎረቤቱ ባለ ፎቅ ቤት ዓይኑ ይቀላል፣ ሌላው በባልንጀራው መኪና እንቅልፍ ያጣል፣ ሌላዋ ደግሞ በጓደኛዋ ልጅ የፈተና ውጤት ምሳዋ አልወርድ ይላታል። ይኼ ሁሉ የወግ ቅናት ነው። የሚቀናበት ነገር ሲያዩት ይታያል፣ ሲነኩት ይነካል፤ ለሰው ቢያዋዩት እንኳ «እውነትህን ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን፣ ይህን ዕድሜና ይህን ሁሉ የትምህርት ማስረጃ ይዤ፣ ዓመታት ሙሉ የቀናሁት በአንድ ሰው ምላስ ነው። አነጋገራቸውን ማለቴ አይደለም። ምላሳቸውን፣ ያንን አፋቸው ውስጥ ያለውን ቁራጭ ሥጋ ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከገበያው ልጀምር። እኛ ክርስቲያኖቹ ትልልቆቹን በዓላት የምንቀበላቸው ጾመን ነው። ገና በጾም ይመጣል፣ ፋሲካም በጾም ይመጣል። ስለዚህ ለዶሮ ወጡ ነፍስ የሚዘራለትን ቅቤ የምንገዛው አፋችን በተዘጋበት ሰሞን ነው። በበዓል ሰሞን የጎንደር ቅዳሜ ገበያን የቅቤ ተራ ብታዩት አንጀታችሁን ይበላዋል። ትልቁም ትንሹም ቅቤ ፊት አጎንብሶ ያሸታል። አንዷ በጣቷ ነክታ በእጇ ጀርባ ላይ ታሻለች፤ አንዱ እንደ ዳኛ ኮስተር ብሎ በስንደዶ መሀሉን ይወጋና ስንደዶውን አውጥቶ ወደ ፀሐይ ያየዋል። ምን እንዳየ እግዜር ይወቅ። የሚቀምስ ግን የለም። ሻጩም እኮ ይህንኑ ያውቃል። ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚገባው፣ የረጋ ዘይት የሚገባው፣ ሌላም ስሙን የማላነሣው ነገር የሚገባው በጾም ነው፤ በፍስክማ ማን ይደፍራል።

ሰፈራችን ታዲያ ለዚህ ችግር መላ ነበረው። መላው ጋሽ ኑሩ ይባላል። ጋሽ ኑሩ አራዳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከእኛ ቤት ጋር የግቢ ግንብ እንጋራለን፤ ሙስሊም ስለሆኑ የእኛ ጾም አይመለከታቸውም። የገና ወይም የፋሲካ ሳምንት ሲደርስ የሰፈሩ ሴቶች ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ይመጡና ከስፌት መኪናቸው ላይ ያስነሷቸዋል። እሳቸውም ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ተከትለው ይወጣሉ። ቅቤ ተራ ሲደርሱ መንገድ ይለቀቅላቸዋል። በትንሿ ጣታቸው ጫፍ ነካ ያደርጉና ምላሳቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ከዚያ ወይ «ሸጋ ነው» ይላሉ፣ ወይ ምንም ሳይሉ አፋቸውን በመሐረብ ጠርገው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ምንም ያልተባለላት ሻጭ የዚያን ቀን ገበያዋ አበቃ ማለት ነው።

ባለቤቴ ትርንጎ የእኚህን ሰው ስም ስታነሣ ድምፅዋ ሳይቀር ይለሰልሳል። «የጋሽ ኑሩ ምላስ እኮ ወርቅ ነው» ትላለች። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነኝ፤ ሁለት ዲግሪ አለኝ፤ ስብሰባ ላይ ስናገር ማስታወሻ የሚይዝ ሰው አለ። ይሁንና በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳራችን ውስጥ ከአካሌ አንዱም ክፍል ወርቅ ነው ተብሎ አያውቅም። ሴትዮዋ በሰውየው ውበት ብትማረክ ኖሮ ቢያንስ ሽማግሌ አስቀምጥ ነበር። በምላስ ችሎታ ለተበለጠ ባል ግን የትኛው ሽማግሌ ይቀመጥለታል? ምን ላድርግ፣ ዝም ብዬ ቀናሁ።

አንድ ዓመት ለገና እልህ ያዘኝና በአፍንጫዬ ተማምኜ ብቻዬን ሄጄ ገዛሁ። ትርንጎ ልታነጥረው ስትጥደው ግማሹ አረፋ ሆኖ ተነሣ፤ ሲበርድ ደግሞ ከሥሩ እንደ ገንፎ ረጋ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ድስቱን አቅፋ ወጣችና ቃል ሳትተነፍስ ለጎረቤት ሴቶች ተራ በተራ አሳየች፤ እኔ መስኮት ላይ ቆሜ የሴቶቹን ራስ መነቅነቅ ቆጠርሁ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሽንኩርትና ጨው ብቻ እንዲገዛ የተፈቀደለት ሰው ሆንሁ። የምመኘው እኮ ትልቅ ነገር አልነበረም። ትርንጎ በአንድ በዓል፣ በአንድ ቀን፣ ከድስቱ ላይ ቀና ብላ እኔን እያየች «አበጀህ» እንድትለኝ ብቻ ነበር። ለዚህች አንዲት ቃል ስንት ዓመት እንደተቃጠልሁ የማውቀው እኔ ነኝ።

በኋላ ያ ዓመት መጣ። ሑዳዴና ረመዳን ገጠሙ፤ ፋሲካና ዒድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊውሉ ሆነ። ሰፈራችን በሙሉ፣ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም፣ አንድ ላይ ጾመኛ ሆነ። ሰው ሁሉ «ደስ ሲል፣ አብረን ጾምን» ይባባል ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ የእኔ ደስታ ግን መልኩ ሌላ ነው። የጋሽ ኑሩ ምላስ ታሰረ! ከእንግዲህ እሳቸውም እንደ ማናችንም በአፍንጫ ሊተዳደሩ ነው፤ በአፍንጫ በኩል ደግሞ፣ ያየኝ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ እግዜር ለእኔ አልሰሰተም።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት ዘንቢሉን አነሣሁ። ትርንጎ ግን ያለ ጋሽ ኑሩ ከበር አላስወጣ አለችኝ። ባይቀምሱም ዓይናቸው ራሱ ይበቃል አለች። ሰውየው እየጾሙ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ አረጋዊ ናቸው፣ ብዬ አዛኝ መሰልሁ። አልሰማችኝም። እሳቸውም ሲጠሩ ምንም ሳያጉረመርሙ ሜትራቸውን አንጠልጥለው መጡ። ይኼ አለማጉረምረማቸው ራሱ ያናድዳል።

ገበያው አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። በርበሬ ተራን እያስነጠስን አለፍን፤ ዶሮ ተራ ላይ ሰው ሁሉ ዶሮውን ዘቅዝቆ ደረቷን ሲዳብስ አንዷ አምልጣ የጋሽ ኑሩ እግር ሥር ገባች፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ለባለቤቷ መለሱላት። ቅቤ ተራ ስንደርስ ሴቶች ከበቧቸው። መቅመስ እንደማይችሉ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ልማድ አይለቅምና ቢያሸቱልንም ይበቃናል ይላሉ። ጋሽ ኑሩ አሸተቱ፣ በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፣ ወደ አንዷ ሻጭ ጠቆሙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይቺ የምትሻል እንደምትመስላቸው፣ ሳይቀምሱ ግን እንደማይምሉ ነገሩኝ። ከዚያ ለማፍጠሪያ ተምር ልግዛ፣ አንተም ዞር ዞር ብለህ እይ፣ ብለው ሄዱ።

ዞር ዞር አልሁ። ተራው መጨረሻ ላይ ትክል ድንጋይ ከሚባል አገር የመጣች ሴትዮ ቅቤዋን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ተቀምጣለች። አሸተትሁት፤ ጥሩ መሰለኝ። የገናውም ጥሩ መስሎኝ ነበር። በስንደዶ ወጋሁት፣ ወደ ፀሐይ አየሁት፤ ስንደዶ ነው ያየሁት። ጋሽ ኑሩ የጠቆሙኝን ብገዛ ምስጋናው የእሳቸው ነው። ይኼን ገዝቼ ቢበላሽ ድስቱ እንደገና በሰፈር ሊዞር ነው። ትርንጎና ያ ድስት ታዩኝ። እጄ ከእኔ ሳይማከር ተነሣ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ተማክሮኛል፤ ግራና ቀኝም አይቻለሁ። ጫፉን በጣቴ ነካሁና ምላሴ ላይ አሳረፍሁት።

እንግዲህ አርባ ምናምን ቀን ሽሮና ምስር ሲያመላልስ የከረመ ምላስ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ልጅነቴ መጣብኝ። ምንም አልተቀላቀለበትም፤ ሣሩን፣ ወተቱን፣ ጭሱን ለየሁት። ለካ እኔም ምላስ ነበረኝ። ዓይኔን እንደ ጋሽ ኑሩ ጨፍኜ ጥቂት ቆየሁ፤ ስገልጥ ሴትዮዋ አፍጥጣ እያየችኝ ነው።

«ምነው ጌታዬ፣ ሑዳዴ አይደለም?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ማተቤን ወደ ሸሚዜ ውስጥ ገፋ አድርጌ «እኔ ሙስሊም ነኝ» አልኋት።

ጥቂት አሰበች። «ታዲያ ረመዳንስ አይደለም እንዴ?»

በዚያ ሰሞን በጎንደር ምድር ቅቤ ለመቅመስ የሚመች ሃይማኖት አልነበረም። እኔ ደግሞ በአንድ ጣት ቅቤ ሁለቱንም ጾም አፍርሼ ቁጭ አልሁ። በጠራችው ዋጋ ሳልከራከር ያላትን በሙሉ ጠቅልዬ ገዛሁ። ዞር ስል ጋሽ ኑሩ ተምራቸውን በወረቀት ይዘው ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላወቅሁም። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ይቺን ወሰድሁ ስላቸው ቅቤውን አይተው «ይሁን» አሉ፤ እስከ ቤት ድረስ ያወሩኝም ስለ ዘንድሮ ዝናብ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ግቢ ውስጥ እሳት አቀጣጠለችና ቅቤውን ጣደችው። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሲገባበት ሽታው ግንቡን ተሻግሮ ሄደ። አረፋ የለም፤ ዝቃጭ የለም ማለት ይቻላል፤ ንጥሩ እንደ ማር ጠራ። እኔ በረንዳ ላይ ጋዜጣ የማነብ መስዬ ድስቱን አያለሁ። ትርንጎ ከድስቱ ላይ ቀና አለች። እኔን አየች።

«ማነው የመረጠው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ፤ ጋዜጣውን አጠፍሁ።

«በምን?»

ይቺን አላሰብሁባትም። በአፍንጫዬ እንዳልል አፍንጫዬን ታውቀዋለች። በዕድል እንዳልል ለዕድል አበጀህ አይባልም። ይህን ሳወጣ ሳወርድ ዓይኗ ቀስ እያለ ከዓይኔ ወደ አፌ ወረደ። ትርንጎ በጾም ቀልድ አታውቅም፤ ሑዳዴን የገደፈ ባል ይዛ ፋሲካን የምታከብር ሴት አይደለችም። ይኼኔ ከግንቡ ወዲያ የጋሽ ኑሩ ድምፅ ተሰማ። «እኔ ነኝ የመረጥሁት፣ ትርንጎ። በሽታው ለየሁት» አሉ።

ፊቷ ፈካ። ግንቡ ጋ ሄዳ «አበጁ ጋሽ ኑሩ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ» አለች። ምላሳቸው ቢታሰር አፍንጫቸው መኖሩን እያነሣች መረቀቻቸው፤ እሳቸውም አሜን አሜን አሉ። እኔ ጋዜጣዬን መልሼ ዘረጋሁ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ባታስታውሱኝ እወዳለሁ። ሰውየው ከመጋጨት አዳኑኝ ብዬ ማመስገን ሲገባኝ፣ በደም ሥሬ የዞረው አንድ ቃል ነው፤ ሌባ። ቅቤውን የመረጥሁት እኔ፣ ጾሜን የሰዋሁበት እኔ፣ ነፍሴን ያስያዝሁበት እኔ፣ አበጁ የተባሉት እሳቸው። በፋሲካ ዕለት የዶሮ ወጡ ሲወጣ እንግዳው ሁሉ ጣቱን ላሰ። ትርንጎ ደግሞ ለእያንዳንዱ እንግዳ ጋሽ ኑሩ ሳይቀምሱ እንዴት እንዳወቁት ከመጀመሪያው ጀምራ ታጫውታለች። ስትተርከው ቅቤው ራሱ ጠርቷቸው ነበር ለማለት ምንም አልቀራትም።

ዓርብ ዒድ ዋለ። እኛ ሰፈር በሥጋ እንለያያለን፣ በቅቤ ግን አንለያይም፤ ስለዚህ ትርንጎ ከዚያው ንጥር አንድ የብርጭቆ ማሰሮ ሞልታ ለጋሽ ኑሩ አድርስ አለችኝ። የገዛ ድሌን ተሸክሜ ሄድሁ። ጋሽ ኑሩ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ተቀበሉኝ፤ አስቀመጡኝ፤ ዒድ ሙባረክ ተባባልን። ከዚያ ክዳኑን ከፈቱና በትንሿ ጣታቸው ነካ አድርገው ምላሳቸው ላይ አሳረፉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔም እንደ ሴቶቹ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ።

«አንተ ምላስ አለህ» አሉኝ።

እሳቸው ወደ በሩ አየት አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ያን ዕለት ሴትዮዋ ስትጠይቅህ ከኋላህ ነበርሁ። ትርንጎ ብታውቅ ፋሲካችሁ ይደፈርስ ነበር፤ ለዚህ ነው የዋሸሁት። አንተ በቅቤ ገደፍህ፣ እኔ በውሸት ገደፍሁ። የእኔን አንድ ቀን ጨምሬ እጾምለታለሁ፤ የአንተን ከንስሐ አባትህ ጋር ጨርስ።»

ይህን ብለው ተምር ጋበዙኝ፤ ስለ ልጆቼም ጠየቁኝ። እኔ ተምሩን አኘክሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በልቤ ሌባ ያልኋቸው ሰው፣ ያንን ሁሉ ምርቃት የእኔን ነውር ሲሸፍኑ ነበር የተሸከሙት።

ባዶውን ማሰሮ ይዤ ስመለስ፣ እንግዲህ ይኼ ቅናት ከዛሬ ጀምሮ ይለቀኛል ብዬ አስቤ ነበር። ንስሐም ገባሁ፤ የንስሐ አባቴ የሰጡኝን ስግደት ሰግጄ ጨርሻለሁ፤ ጉልበቴ ይመሰክራል። ቅናቱ ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልሄደም። ሳስበው እኔ የገደፍሁት ለስሜ ነው፤ እሳቸው የገደፉት ለእኔ ነው። ጾም በመግደፍ እንኳ በለጡኝ።