ሌባ ያልገባበት ሰፈር

«ማን ነገረህ?» የሚል መምህር ያልገጠመው የተማረ ሰው የለም። ካለም በደንብ አልተማረም። እንዲህ ያለው መምህር ለየዩኒቨርሲቲው አንድ አንድ ብቻ ነው የሚታደለው፤ ሁለት ቢሆኑ ግቢው ሥራ በፈታ ነበር። ለናይጄሪያው ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ የደረሱት የወንጀል ጥናት ሊቅ፣ የጥርጣሬ አባት፣ የማስረጃ ባላባት፣ ክቡር ፕሮፌሰር ኦላቱንቦሱን ነበሩ።

ዶፍ ወርዶበት ክፍል የገባ ተማሪ «ውጭ እየዘነበ ነው፣ ፕሮፍ» ካለ አለቀለት።

«ማን ነገረህ?»

«ኧረ በስብሼ ነው የመጣሁት!»

«አንተ መበስበስህን አየሁ። ኢባዳን መበስበሷን በምን አወቅህ?»

ምግብ ቤትም ያው ነበሩ። አማላ የሚባለውን ገንፎ የምትሸጠው ሴትዮ «የእኔን ወጥ የሚስተካከል በከተማው የለም» ብትላቸው፣ «ስንቱን ቀምሰሽ?» ብለው ጠየቋት። ከዚያ ወዲህ የእሳቸው አማላ ቀዝቅዞ ነው የሚቀርበው። እሳቸውም «የቀዘቀዘው በእኔ ምክንያት ለመሆኑ ማስረጃ የለም» እያሉ ይበሉታል።

«ፖሊስ ጋ የሚደርሰው እግር ያለው ወንጀል ብቻ ነው» ይሉን ነበር። «የቀረው ቤቱ ተቀምጧል። ሂዱና ቤቱ ድረስ ጠይቁት።» ሕጋቸው ሁለት ነበር። አንደኛው «ዕጣ ዘመድ አያውቅም»፤ ዕጣ የወጣበት ቤት አይዘለልም። ሁለተኛው «ስም አይጻፍም»፤ የነገረንን ሰው ማንነት አፈር እስክንለብስ አናወጣም።

እኔም ለመመረቂያዬ ከኮረብታው ሥር ባለው ሰፈር ስንት ቤት እንደተሰረቀ ላጠና ተነሣሁ። የቤቶቹን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፈን፣ ከፕሮፌሰሩ ቆብ ውስጥ ዕጣ አወጣሁ። አንድ ቤት ከጎደለ አይፈርሙም። ካልፈረሙ አልመረቅም። እናቴ ደግሞ ለምረቃዬ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ጨርቅ አስገዝታ አሰፍታ ጨርሳለች። ያ ሁሉ ሰማያዊ ዘመድ በየሳጥኑ ታጥፎ ሲቀር ይታየኝ ነበር።

መጀመሪያ የፓልም ዘይት ነጋዴዋ፣ የሲኪራ እናት ቤት ገባሁ። «ባለፈው ዓመት ቤትዎ ሌባ ገብቶ ያውቃል?» አልኩ።

ጣቷን ከራሷ በላይ አዙራ ጧ አደረገች። «አያድርስ! የጠላቴ ቤት ይግባ! ምን በደልኩህ ልጄ፣ ገና በጠዋቱ ሌባ የምትጠራብኝ?»

ቀጥሎ ያለውም ቤት አያድርስ። የወዲያኛውም አያድርስ። ውጤቴን ይዤ ተመለስኩ፤ በሰፈሩ ሌባ የሚባል ገብቶ አያውቅም።

«ደስ ይላል» አሉ ፕሮፌሰሩ። «አጥሩ ላይ ሁሉ የተተከለው የጠርሙስ ስባሪ ታዲያ ለጌጥ ነው?»

ወረቀቴን ማገላበጥ ጀመርኩ።

«እናትህን እንዲህ ብለህ ትጠይቃታለህ?»

«ኧረ በስመአብ!»

«የሰው እናት ታዲያ ምን አደረገችህ? ሂድ ተመለስ። አረፍ በል፣ ሰላምታህን አድርስ፣ ስለ ጎረቤት ጠይቅ።»

እኛ ዘንድ ክፉን ነገር ፊት ለፊት መጥራት «ና» ማለት እንደሆነ ከእናቴ ጡት ጋር ጠብቼው ነበር። እስክሪብቶ ስጨብጥ ነው የጠፋብኝ።

ስለ ጎረቤት ስጠይቅማ የሰፈሩ አፍ ተከፈተ። የልብስ ሰፊው ጄኔሬተር መሰረቁን ያልነገረኝ ቤት የለም። ወደ ማታ የቆጠርኩት ጄኔሬተር ናይጄሪያን በሙሉ መብራት ያበላ ነበር።

«ፕሮፍ፣ ሰፈሩ ተዘርፎ አልቋል!»

«ማን ነገረህ? ጄኔሬተሩ ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ቀይ።»

«የሌላው ቤትስ?»

«እሱም… ቀይ።»

«አንዱን ጄኔሬተር በየቤቱ ስታሰርቅ ዋልህ! ከሌባው አንተ ባስህ እኮ!» ካሉ በኋላ ረጋ ብለው ጨመሩ፦ «ከጎረቤት ጀምር። ከዚያ ዝም በል። ሰው ጎረቤቱን አምቶ ሲጨርስ ወደ ራሱ ይመጣል።»

እውነትም የሲኪራ እናት ልብስ ሰፊውን አምታ ጨረሰች፤ ዝም አልኩ፤ እሷም ዝም አለች። ቆይታ ቆይታ «የእኔንም ዘይት እኮ ከነጀሪካኑ ወስደውታል» ብላ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

በመጨረሻ አንድ ቤት ቀረኝ። ዕጣው የጣለው እዚያው ሰፈር ያለውን የፕሮፌሰሩን የራሳቸውን ቤት ነው።

«ፕሮፍ፣ የእርስዎን እንኳ ብንዘለው?»

«ዕጣ ዘመድ ያውቃል እንዴ?»

ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ እንደ ደንቡ ለሰላምታ በግንባሬ ተደፋሁ፤ ለእንግዳ የሚሰጠውን የኮላ ፍሬ አቀረቡልኝ። ሰፈሩን ሁሉ ዜና ያሰማ የነበረው ትልቁ ሬዲዮናቸው ከመደርደሪያው ላይ የለም። ቦታው ብቻ አቧራ ሳይነካው ቀርቷል።

«ባለፈው ዓመት እዚህ ቤት…» ብዬ ገና ሳልጨርስ፣ የማስረጃ ባላባት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አዙረው ጣታቸውን ጧ አደረጉ። «አያድርስ!»

ሳቄ መጥቶ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ጠፋ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «ጎረቤትስ እንዴት ነው፣ ፕሮፍ?»

ኮላውን ሲያላምጡ ቆዩ። «እዚህ አካባቢ አንድ ሽማግሌ አለ» አሉ። «የእህቱን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አሳደገው። ልጁ አንድ ቀን ሬዲዮኑን ይዞበት ሄደ። ለፖሊስ ቢናገር ልጁን ያስሩበታል፤ ለእህቱ ቢናገር በሐፍረት ትሞታለች። ዝም አለ። አሁን ሳይቆልፍ ነው የሚተኛው አሉ፣ ልጁ ከመጣ ብሎ።»

«ማን ነገረዎት?» የሚለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። እንዳስተማሩኝም ዝም አልኩ።

«ታዲያ ምን ትጽፋለህ?» አሉ መደርደሪያውን እያዩ።

«ባለቤቱ የነገሩኝን። አያድርስ ብለውኛል።»

«እሱን ተወው። እዚህ ቤት ሌባ ገብቷል ብለህ ጻፍ።» ድምፃቸው አነሰ። «ስም ግን አይጻፍም፣ አይደል?»

«አይጻፍም፣ አባባ።»

ፕሮፍ ሳልላቸው የቀረሁት ያን ቀን ነው። ሰኞ ፈረሙልኝ፤ ሰማያዊ ዘመዴም ከየሳጥኑ ወጥቶ ጨፈረ።

ዛሬ እኔም አስተምራለሁ። ዘነበ የሚለኝን ተማሪ ማን ነገረህ እለዋለሁ፤ በተናገርኩ ቁጥር ናፍቆታቸው ይመጣብኛል። ኢባዳን ሄዳችሁ ፕሮፌሰር ኦላቱንቦሱን የታሉ ብላችሁ ግን አትድከሙ፤ በዚህ ስም የሚታወቅ መምህር አታገኙም። ስም አይጻፍም ብለው ነው ያስተማሩኝ።