ማን ከማን ጋር ይዋኝ?

(ለቡ መብራት ኃይል። ነገ ሥራ የሚጀምር አዲስ የልጆች የጥርስ ክሊኒክ። በእንግዳ መቀበያው ክፍል ጨዋማ ውሃ፣ አለትና እንደ ተክል የሚወዛወዝ ኮራል የተሞላ መካከለኛ የመስታወት ገንዳ ተተክሏል። ገንዳው ውስጥ ገና አንድም ዓሣ አልተለቀቀም፤ ከውሃው ላይ ግን ዓሣ የያዙ አምስት የታሰሩ የላስቲክ ከረጢቶች ይንሳፈፋሉ። የሕንፃውን ኤሌክትሪክ የዘረጋውና ገንዳውን የገጠመው ወጋየሁ፣ ከክሊኒኩ ዘበኛ ከዱጉማ ጋር መከራከር ከጀመረ ቆይቷል።)

ዱጉማ፦ ዓሣ ውሃ ካልጠጣ ታዲያ ሲጠማው ምን ያደርጋል?

ወጋየሁ፦ አይጠማውም አልኩህ! ውሃ ውስጥ ተቀምጦ እንዴት ይጠማዋል?

ዱጉማ፦ እኔም ጠላ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ይጠማኛል።

ወጋየሁ፦ አንተና ዓሣ አንድ ናችሁ? ዓሣ እኮ ያስባል!

ዱጉማ፦ ጨው ውስጥ ነው ደግሞ ያለው። ላሞቼ አሞሌ ከላሱ በኋላ ውሃ አይበቃቸውም።

ወጋየሁ፦ ላም! እኔ ሁለት ወር ሙሉ የባሕር ቪዲዮ ሳይ ዓይኔ ሊጠፋ፣ አንተ ላም ትነዳብኛለህ!

ዱጉማ፦ ሹፌሩም የባሕር ዓሣ ይጠጣል ነው ያለኝ።

ወጋየሁ፦ የቱ ሹፌር?

ዱጉማ፦ ዓሦቹን ከመካኒሳ ያመጣቸው። ውጭ እየጠበቀ ነው።

ወጋየሁ፦ ሹፌር ስለ ዓሣ ምን ያውቃል?

ዱጉማ፦ እንጃ። ስድስት ዓመት ዓሣ ሲያመላልስ ነው የኖረው።

ወጋየሁ፦ ስድስት ዓመት ሰው ያመላለሰ የታክሲ ረዳት ሐኪም ይሆናል? እንግዲህ ዝም ብለህ ስማ። ዶክተር ከድጃ ምን አለችኝ? «የሚስማሙትን መርጠህ አስገባ፣ የማይስማሙትን ሹፌሩ ይመልሳቸው»። እኔ ደግሞ መርጫለሁ።

ዱጉማ፦ የትኞቹን?

ወጋየሁ፦ አምስቱንም ከረጢት።

ዱጉማ፦ መምረጥ እንዲህ ነው?

ወጋየሁ፦ (አንዱን ከረጢት ወደ መብራት ያነሳል) ይኸውልህ። እነዚህ ሁለት ብርቱካናማዎች፣ ነጭ ቀበቶ የታጠቁት፣ ልጅ ያያቸው እንደሆነ ልቅሶውን ይረሳል። ያቺ ደግሞ ፊቷ ሐምራዊ፣ ጭራዋ ቢጫ። (ሦስተኛውን ከረጢት ያነሳል) ይቺኛዋ ደግሞ ሽሪምፕ ናት።

ዱጉማ፦ እግር አላት።

ወጋየሁ፦ አዎ አላት።

ዱጉማ፦ ዓሣ እግር አለው?

ወጋየሁ፦ ዓሣ አይደለችም! ሽሪምፕ ናት እያልኩህ! የዓሦቹን ቆዳ እየለቀመች ታጸዳለች።

ዱጉማ፦ እንግዲህ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ካልበሏት ከሁሉም ጋር ትስማማለች።

ወጋየሁ፦ ማን ነው የሚበላት? አንተ ነህ? (አራተኛውን ከረጢት በሁለት እጁ ያነሳል) ይኼ ነው ንጉሡ! አንበሳ ዓሣ ይሉታል። ዝንጉርጉርነቱን እየው! ክንፉን እየው፣ ካባ የደረበ ነው የሚመስለው! ወንድ ነው፤ አቋሙ ራሱ ይናገራል።

ዱጉማ፦ አፉ ሰፊ ነው።

ወጋየሁ፦ ቢሰፋስ?

ዱጉማ፦ ብርቱካናማዋ ትገባበታለች።

ወጋየሁ፦ ለምን ትገባለች? ያ ሁሉ ድንጋይ እያለ መግቢያ አጥታ ነው?

ዱጉማ፦ እሱ ያስገባታላ።

ወጋየሁ፦ ወይ አለማወቅ! ስማኝ፤ ሁሉም የአንድ ባሕር ልጆች ናቸው። የአገር ልጅ የአገሩን ልጅ ይበላል?

ዱጉማ፦ የእኔን ድንበር የገፋው የሩቅ ሰው አይደለም። ያጎቴ ልጅ ነው።

ወጋየሁ፦ ይኼ ስለ መሬት አይደለም!

ዱጉማ፦ በረቴ ውስጥ ኮርማና ገና የተወለደ ጥጃ አንድ ላይ አላሳድርም። አባቱ ቢሆን እንኳ።

ወጋየሁ፦ ይኼ በረት አይደለም፣ አኳሪየም ነው! ሳይንስ ነው! አንተ በሩን ጠብቅ፤ ውሃው የእኔ ነው።

ዱጉማ፦ ነገ መጀመሪያ የምትገባው ታካሚ የእኔ ልጅ ሶሬቲ ናት። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ እሺ ያለችው ዓሦቹን ለማየት ብላ ነው። እሷ እያየች አንዱ ሌላውን ቢውጠው፣ ከዚያ ወዲያ አፏን ለማን ትከፍታለች?

ወጋየሁ፦ አይውጥም! (አምስተኛውን ከረጢት እያነሳ) ይኼን ደግሞ እይ፤ የራሴ ፈጠራ ነው። ጥርሱ ታየህ?

ዱጉማ፦ የሰው ጥርስ ነው የሚመስለው።

ወጋየሁ፦ አየህ! በጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ጥርስ ያለው ዓሣ! ከዚህ በላይ ማስታወቂያ አለ? ሰው ከመካኒሳ እየመጣ ይሰለፋል!

ዱጉማ፦ በጥርሱ ምን ይበላበታል?

ወጋየሁ፦ መኖ ነዋ!

ዱጉማ፦ ዱቄት ለሚያክል መኖ ያ ሁሉ ጥርስ? ሹፌሩ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ቆርጥሞ ነው የሚበላው አለኝ።

ወጋየሁ፦ ሹፌሩ፣ ሹፌሩ! ሹፌሩ ይሾምልሃ! ሁለተኛ እንዳትናገር፤ ዝም በል አልኩህ! ያዝ፣ ትንንሾቹን ሦስት ከረጢቶች አንተ በዚያ በጀርባ በኩል ልቀቃቸው። ንጉሡንና ጥርሳሙን እኔ በክብር አስገባለሁ።

ዱጉማ፦ ትንንሾቹን እኔ እንደመሰለኝ ልልቀቃቸው?

ወጋየሁ፦ ከረጢት መፍታትም ላስተምርህ? እንደመሰለህ!

(ዱጉማ ሦስቱን ከረጢቶች ይዞ ከገንዳው ጀርባ ይዞራል። ውሃ ሲንቦጨረቅ ይሰማል። በፊት ለፊት በኩል ወጋየሁ ሁለቱን ትልልቅ ዓሦች ይለቅና ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻቸዋል።)

ወጋየሁ፦ ለቀቅካቸው?

ዱጉማ፦ ለቅቄያቸዋለሁ። ደህና ናቸው።

ወጋየሁ፦ (ወደ ስልኩ) እንግዲህ ወገኖቼ፣ እንደምትመለከቱት ትልቅና ትንሽ ሳይል ሁሉም በፍቅር… (ስልኩን ዝቅ ያደርጋል) ብርቱካናማዎቹ የት አሉ?

ዱጉማ፦ አዋቂው አንተ ነህ።

ወጋየሁ፦ ተደብቀዋል። አዲስ ቤት ሲገቡ ዓይን አፋር ናቸው። ያውና! ከድንጋዩ ሥር አንዷ!

ዱጉማ፦ የቷ?

ወጋየሁ፦ ያቺ ጭራዋን የምታወዛውዘው! ዕውር ነህ?

ዱጉማ፦ (መስታወቱ ላይ ይለጠፋል) ምንም አይታየኝም።

ወጋየሁ፦ ለማየት መማር ያስፈልጋላ!

ዱጉማ፦ እኔስ ኮራል መሰለኝ።

ወጋየሁ፦ (ጠጋ ብሎ ያያል፤ ድምፁ ይቀንሳል) ኮራል ናት። ሐምራዊዋስ? ፊቷ ሐምራዊ የሆነችው?

ዱጉማ፦ እሷም ዓይን አፋር ትሆናለች።

ወጋየሁ፦ ሽሪምፗስ?

ዱጉማ፦ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ሥራ ላይ ትሆናለች።

ወጋየሁ፦ አትቀልድ! (በገንዳው ዙሪያ ይሮጣል፤ ከአንበሳ ዓሣው ፊት ይቆማል) ዱጉማ… ና እስቲ። የዚህ ሆዱ ቅድምም እንዲህ ነበር?

ዱጉማ፦ እንዴት?

ወጋየሁ፦ ክብ ሆኗል።

ዱጉማ፦ አንተ እንዳየኸው ነዋ።

ወጋየሁ፦ እርጉዝ ናት!

ዱጉማ፦ ወንድ ነው አላልክም?

ወጋየሁ፦ ባሕር ውስጥ ፆታ ይለወጣል! ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ!

ዱጉማ፦ በሩብ ሰዓት? እርግዝናውም ጭምር?

ወጋየሁ፦ (ወንበር ላይ ዘፍ ይላል) በላቸው። አራቱንም ጠራርጎ በላቸው። ዱጉማ፣ ነገ እኮ የሠፈሩ ሕፃን ሁሉ ነው የሚመጣው! ባዶ ገንዳ ውስጥ ይኼ ሆዳም ከዚያ ጥርሳም ጋር ተፋጦ ሊያዩት ነው! እኔ ደግሞ ለዶክተር «በዓሣ ነገር ለቡ ላይ የሚወዳደረኝ የለም» ብያታለሁ። ገንዳውን በቋሚነት እንድከታተል ውል ልትሰጠኝ ነበር።

ዱጉማ፦ እስኪ ተረጋጋ፣ እኔ እኮ…

ወጋየሁ፦ ዝም በል! አሁን ያንተን ላም የምሰማበት ሰዓት አይደለም! ምናልባት አንዷ ከድንጋዩ ሥር ትኖር ይሆናል። (እጁን እስከ ክርኑ ገንዳው ውስጥ ይከታል) ነይ የኔ ቆንጆ… ነይ… አገኘኋት! ያዝኳት! ያዝ… ዋይ! ዋ…ይ! ልቀቀኝ! ጣቴን!

(እጁን ይመዝዛል። ጥርሳሙ ዓሣ ተንጠልጥሎ ይወጣና ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይወድቃል። የወጋየሁ ጣት ይደማል።)

ዱጉማ፦ (መሐረቡን እየሰጠው) ማስታወቂያው ነከሰህ?

ወጋየሁ፦ ሳቅ አንተ! ሳቅ!

(በሩ በኃይል ይከፈታል። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ከድጃ ስልኳን በእጇ ይዛ ትገባለች።)

ከድጃ፦ አቶ ወጋየሁ! ስልክዎ ለምን አይነሳም? ዓሣ ሻጩ አሁን ነው የደወለልኝ። ሁለቱ ትልልቆቹ ለናሙና ነው የተላኩት፤ ከትንንሾቹ ጋር በፍጹም እንዳይገቡ ብሏል። አንበሳው ትንንሾቹን ይውጣል፣ ጥርሳሙ ሽሪምፗን ይቆረጥማል። (ገንዳውን ታያለች) ያ ረቢ! ትንንሾቹስ?

ወጋየሁ፦ ዶክተር… እ… እኔም ይኼንኑ ነበር የምለው!

ከድጃ፦ ምን?

ወጋየሁ፦ «ዱጉማ፣ ተው፣ አፉ ሰፊ ነው» አልኩት። «ኮርማና ጥጃ አንድ በረት አያድሩም» አልኩት። ማን ይስማኝ!



ከድጃ፦ ጋሽ ዱጉማ ናቸው ያስገቧቸው?

ወጋየሁ፦ ትንንሾቹን በገዛ እጁ ነው የለቀቃቸው! ይጠየቅ!

ከድጃ፦ እውነት ነው ጋሽ ዱጉማ?

ዱጉማ፦ እሱስ እኔ ነኝ የለቀቅኳቸው።

ወጋየሁ፦ ሰሙ ዶክተር? ስለ ትንንሾቹ አንድም ውሳኔ የእኔ አይደለም። የት እንደሚገቡ የወሰነውም፣ ያስገባውም እሱ ነው። እናቴ ትሙት! እኔ ቃል አልተነፈስኩም። ይኼ ጣቴ የቆሰለው እነሱን ላድን ስል ነው!

ከድጃ፦ ይምላሉ?

ወጋየሁ፦ ሦስቴ እምላለሁ! የዱጉማ ሥራ ነው፤ እኔ የለሁበትም!

ከድጃ፦ ጋሽ ዱጉማ፣ ነገ ሶሬቲም ትመጣለች እኮ። የት ነው የለቀቋቸው?

ዱጉማ፦ እዚህ።

(ከገንዳው ጀርባ ክዳን ያለው ትልቅ ነጭ ባልዲ በሁለት እጁ ጎትቶ ያወጣል። አንድ ቀጭን የአየር ቱቦ ገብቶበታል። ክዳኑን ያነሳል። ከድጃ ጎንበስ ብላ ታያለች።)

ከድጃ፦ ብርቱካናማዎቹ… ሐምራዊዋ… ሽሪምፗም አለች! ሁሉም ደህና ናቸው!

ዱጉማ፦ ውሃውን ከገንዳው ነው የቀዳሁት። ቱቦውን ሹፌሩ ነው ያዋሰኝ። ትልልቆቹ መጀመሪያ ወጥተው ይሂዱ፣ ከዚያ እነዚህ ይገባሉ ብዬ ነው።

ወጋየሁ፦ (ጣቱን እንደያዘ) አንተ… አንተ ሰውዬ! ለምን አትነግረኝም ታዲያ?

ዱጉማ፦ ልነግርህ ስል ዝም በል አልከኝ። ዝም አልኩ።

ወጋየሁ፦ ለቀቅካቸው ስልህስ?

ዱጉማ፦ ባልዲ ውስጥ ለቅቄያቸዋለሁ። ደህና ናቸው አልኩህ፤ ደህና ናቸው።

ከድጃ፦ ጋሽ ዱጉማ፣ የዓሣ ነገር የት ተማሩ?

ዱጉማ፦ የትም አልተማርኩ ልጄ። ስለማላውቅ የሚያውቅ ሰው ጠየቅኩ።

ከድጃ፦ (መረብ አንስታ ለወጋየሁ ትሰጠዋለች) አቶ ወጋየሁ፣ ሁለቱን ያውጡልኝና ለሹፌሩ ያስረክቡ። በእጅዎ እንዳይነኩ፤ የአንበሳው እሾህ መርዝ አለው።

ወጋየሁ፦ መ… መርዝ? (መረቡን በሩቁ ይይዛል) እሺ። ግን ዶክተር፣ ያ ገንዳውን የመከታተል ውል…

ከድጃ፦ እሱማ ለጋሽ ዱጉማ ነው።

ወጋየሁ፦ እንዴት ነው ለጋሽ ዱጉማ? ትንንሾቹን የመረጥኩት እኮ እኔ ነኝ! ልጅ ያያቸው እንደሆነ ልቅሶውን ይረሳል ያልኩት ማነው? ዱጉማ፣ እስቲ ንገራቸው!

ከድጃ፦ አሁን በእናትዎ ምለው አይደል «እኔ የለሁበትም» ያሉኝ?

ወጋየሁ፦ እሱ… እሱማ በድንጋጤ ነው! ዱጉማ፣ በፈጠረህ፣ መሐላው ሐሰት ነው ብለህ ንገራቸው!

ዱጉማ፦ (ባልዲውን እየከደነ) ተው እንጂ ወጋየሁ። እናትህ በሕይወት እያሉ እንዴት ውሸታም አደርግሃለሁ?