የአግደው ጭብጨባ

በየሠርጉ አንድ አለ። አዳራሹ በአንድ ላይ ሲያጨበጭብ ዘግይቶ፣ ለብቻው “ጧ!” የሚያደርግ። እንዲህ ያለ ሰው የለንም የሚል ቤተሰብ ካለ፣ ዘመዶቹን ገና አልጠራም ማለት ነው። በእስራኤል፣ በእኛዋ ቂርያት ጋት ከተማ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ አግደው ናቸው።

ማዕረጉ ይቆየንና፣ አግደው የመብራት ታናሽ ወንድም ነው። መብራት ደግሞ ከበሮ በመምታት በከተማው ስሟ የሚነሳ ሴት ናት። እግዜር ሲቀልድ ከአንድ ማኅፀን ከበሮ መቺና ከበሮ አሳች ያወጣል።

ሲቆጡት “እኔ ይዤዋለሁ፤ የሳታችሁት እናንተ ናችሁ!” ይላል። በጸሎት ቤት አሜኑ የሚደርሰው ቄሱ ሌላ ጸሎት ከጀመሩ በኋላ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ደወሉን የሚጫነው መውረጃው ካለፈ በኋላ፤ ከዚያ በዕብራይስጥ “ሬጋ! ሬጋ!”፣ ቆይ ቆይ፣ እያለ ሾፌሩን ይለምናል። በሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥማ ካርቶኑ ሳይደርስ ክዳኑን ይከድናል፤ አየሩን።

ዓምና የመብራት ልጅ ሺርሊ እየጎተተች ቁፓት ሆሊም ወደሚሉት ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ሐኪሟ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ እያሰማች በጣቱ ጠረጴዛ አስመታችው። “የትኩረት ችግር አለብህ፤ አንዳንዱን ሰው ምት መያዝም ያስቸግረዋል” አለችው። በዚህ ዕድሜው! እየሮጠ መጥቶ “እታለም፣ ሰነፍ አይደለሁም! ሐኪም መሰከረችልኝ!” አላት። መብራት አቀፈችው። ሰነፍ ሲሉት የኖሩትን ሁሉ በልቧ ረገመች። ጭብጨባው ግን አልተሻለውም።

የሺርሊ ሠርግ ደረሰ። መብራት ምኞቷ አንድ ነበር፤ ለልጇ ያለ እንከን መምታት። ስለዚህ እኛ ዘንድ የታወቀውን ዘዴ ያዘች፤ እንዲህ ላለው ሰው እጅ የሚያስይዝ ሥራ መስጠት። “ወንድማለም፣ ካንተ ሌላ ማን አለኝ? በረዶ አምጣልኝ” ብላ ሸኘችው።

ከበሮዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጀመረች። ጭብጨባው ጥርት ብሎ ተቀበላት። ወይ ጉድ! እጇ መፍጠን ጀመረ። ልያዘው ብትል ጭራሽ ሮጠ። ዘፋኟን ትንፋሽ አጠራት፣ እስክስታ ወራጆቹ ግራ ገባቸው፣ ሺርሊም በቬሎዋ ቆማ እናቷን አየቻት። መብራትን ላብ አጠመቃት። ምን ነካኝ?

ያኔ ገባት። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመታ አጠገቧ የሚያጨበጭበው አግደው ነበር። እሱ እንዳያስታት ስትታገል ነው እጇ የጸናው። ዛሬ የሚታገላት ጠፋ።

ከበሮውን አቆመች። “አግደውን ጥሩልኝ!”

የበረዶ ከረጢቱን ታቅፎ በር ላይ ከጥበቃው ጋር ሲያወራ ተገኘ።

“ሬጋ፣ በረዶው...”

“በረዶው ይቅለጥ! አጠገቤ ቁምና አጨብጭብ።”

አግደው አንገቱን ደፋ። “ይቅርብኝ እታለም። እንደምስት እኮ አሁን አውቄዋለሁ። የልጅሽን ቀን አላበላሽም።”

መብራት ከረጢቱን ከእጁ ነጠቀችው። “ሳት! እንዳሻህ ሳት! ይህን እጅ ያስተማርኸው አንተ ነህ።”

አግደው ፈራ ተባ እያለ እጁን አነሳ። ጧ! ሳተ። የመብራት እጅ ምቱን ያዘ። ጧ! አሁንም ሳተ። ከበሮው ረግቶ ወረደ፤ ሺርሊ ትከሻዋን ሰብቃ ገባች፤ አዳራሹ እልልታውን አቀለጠው።

“ይህን ሰው የሰጠኸኝ አምላክ፣ ተመስገን!” አለች መብራት። እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ፤ እሷ ግን እጇን ከከበሮው አላነሳችም።