ለልጄ ግራ እጅ ምስክር ፍለጋ

ስኮላርሽፕ የሚያገኘው ጎበዝ ተማሪ ነው ብሎ የነገራችሁ ሰው ካለ፣ እሱ ራሱ ስኮላርሽፕ አግኝቶ አያውቅም ማለት ነው። ጎበዝማ ሞልቷል! ስማቸው የገነነውን ስኮላርሽፖች ተዉአቸው፤ በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን እኛ ሸሕዲ ላይ እንደሚቆም አውቶቡስ ናቸው። አንድ ወንበር ይለቀቃል፣ ለሱ ብሎ ያገር ሠራተኛ ይጋፋል። ብልህ ሰው ማንም የማይሳፈርበትን መኪና ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ብልህ ነኝ። ባለቤቴ አለምነሽ በዚህ አትስማማም፤ ግን ይህን ወግ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ልጃችን ምንታምር ጥሩ ውጤት አላት። ሕልሟ የሰሊጥ በሽታ አጥንታ የቆላውን ገበሬ ማዳን ነው። ለታወቁት ሁሉ አመለከተች፤ ሁሉም «እናመሰግናለን፣ አመልካቹ በዛብን» እያሉ ሸኟት። የመጨረሻው መልስ የመጣ ቀን ምሳዋን ሳትበላ ተኛች። ልጅ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ስታለቅስ ታባብላታለህ፣ ዝም ስትል ግን መግቢያው ይጠፋሃል። እኔም ስልኬን አንስቼ ሰው የረሳውን ስኮላርሽፕ ማደን ጀመርኩ።

ጉድ ነው እኮ ወዳጄ! የማይሰጥበት ነገር የለም። ለረጃጅሞች አለ፤ ልጄ ግን ቁመቷን የወረሰችው ከእናቷ ነው። ዳክዬ አስመስሎ ለሚጮህ አለ፤ ሸሕዲ ውስጥ ዳክዬ ማን አይቶ! ለመንታዎችም አለ...

«አለምነሽ፣ ያኔ ስትወልጂ ምናልባት...»

«ምናልባት ምን?»

«ተይው።»

በመጨረሻ አገኘሁት። ውጭ አገር፣ ስሟን ለመጥራት ምላስ በምታጥፍ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ነው። የቀኝ እጅ መቀስ ዕድሜ ልካቸውን ያሰቃያቸው አንድ ሀብታም ሽማግሌ፣ ለግራኞች ብቻ የሚሰጥ ስኮላርሽፕ አቋቁመውበታል።

የኔ ምንታምር ደግሞ ስትወለድ ግራኝ ነበረች። «ነበረች» ማለቴን ልብ በሉልኝ። እኛ ዘንድ በግራ እጅ መብላት ገበታ ላይ እንደ መሳደብ ነው። ስለዚህ አለምነሽ፣ ልጅቷ መጉረስ ካወቀችበት ቀን ጀምሮ፣ አንዴ እጇን በጨርቅ እያሰረች፣ አንዴ ቸብ እያደረገች፣ ቀኛማ አድርጋ አወጣቻት። ጎረቤቱ ሁሉ ይህን ሙያዋን ያደንቅላታል። አሁን የልጄ ግራ እጅ ጡረታ የወጣ ነው፤ ቤት ሲጠረግና ውሻ ሲባረር ብቻ፣ ያውም ሰው ከሌለ፣ ብቅ ይላል።

ኮሌጁ ደግሞ ምስክር ይፈልጋል። ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ሰው ግራኝነቷን አይቶ በቪዲዮ ይመስክር ይላል። ማመልከቻው የሚዘጋው ቅዳሜ ነው። መምህሮቿን እንዳልጠይቅ፣ እነሱ የሚያውቋት በቀኟ ስትጽፍ ነው። ስለዚህ ጎረቤታችን ሐጂ ያሲን ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ሚዛናቸው የማይዋሽ ነጋዴ ናቸው፤ ያ ጠባያቸው ዛሬ በኔ ላይ ይመጣብኛል ብዬ አላሰብኩም።

«ሐጂ፣ ምንታምር ግራኝ መሆኗን ይመስክሩልኝ።»

«የገዛ ልጅህን ስም ታጠፋለህ? እንዲህ ያለችን ጨዋ ልጅ!»

«የምሬን ነው፣ ግራኝ ናት።»

«በግራዋ ስትበላ አይቻት አላውቅም። ያላየሁትን አልመሰክርም። አሳይሃለሁ ካልክ ግን፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ መጥቼ አያለሁ።»

አያችሁልኝ መከራዬን? ምስክሬን ቤቴ ጠርቼ፣ ልጄ ፊታቸው በግራዋ እየበላች ልታዋርዳቸው ነው! ይህን ለአለምነሽ ስነግራት የሠራችውን ወጥ የደፋሁባት ያህል አፈጠጠችብኝ።

«ሐጂን? በኔ ቤት? በግራዋ?»

«ለልጅሽ ስትይ።»

«ለልጄ ስል ነዋ ያስተካከልኋት!»

ምንታምር በር ላይ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። «እማየ፣ ይኸ ከቀረ ሌላ የለኝም» አለች።  አለምነሽም ዓይኗን ጨፍና ለመቀመጥ ተስማማች።

ሐጂን የጋበዝናቸው ረቡዕ ነው። በጾም ቀን ሥጋውን ማን አረደው የሚባል ጣጣ የለም። በሰሊጥ ዘይት የራሰ ፉል በትሪ ቀረበ። ሐጂ «ቢስሚላህ» አሉ፣ እኛ አማተብን፣ እኔ ስልኬን ደግኜ መቅረጽ ጀመርኩ። ምንታምር ግራ እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። ምስኪን እጅ፣ ሰው ፊት መውጣቱን ማመን አቅቶታል... ዳቦ ቆረሰ፣ ወደ ፉሉ ጠጋ አለ...

ቸብ!

አለምነሽ ዓይኗን እንደጨፈነች ነው። እጇ ግን ስምምነቱን አልሰማም።

«ውይ ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ማፊ ሙሽኪላ። ትሞክር።»

ልጅቷ እንደገና ዘረጋች። ቸብ! አለምነሽ አፍራ ሁለቱንም እጆቿን መቀመጫዋ ሥር ቀበረቻቸው። ምንታምር ደግማ ሞከረች። አንደኛው እጅ ከተቀበረበት እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ብቻ ቸብ ሲል ሰማሁና ፉሉ የሐጂ ነጭ ጀለቢያ ላይ አረፈ።

 ምንታምር እንባዋን እየጠረገች «በቃ አባየ፣ ተወው» አለችኝ። አንዲት ጉርሻ እንኳ አፏ አልደረሰችም። ሐጂም ያላዩትን አይመሰክሩም።

ሐጂ ጀለቢያቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ ስልኬ ዞሩ።

«እኔ ያሲን እመሰክራለሁ። ልጅቷ በግራዋ ስትበላ አላየሁም። እናቷ ግን ዓይኗን ጨፍና እንኳ ያችን እጅ አትስታትም። ይኸ የዛሬ ልምድ አይደለም፣ ከሕፃንነቷ ጀምራ ስትመታት የኖረችው እጅ ናት። አርፎ የተቀመጠን እጅ ደግሞ ማን ይመታል? ልጅቷ ግራኝ ናት፣ ወላሂ።»

ቪዲዮውን ከነትርጉሙ፣ ከነቸቡ ላክነው። መልሱ መጣ። ልጃችን አልፋለች! የእናትየዋንም ክፍል ደጋግመው ማየታቸውን ጽፈዋል። ከአገራችን ሌላ አመልካች አልነበረም አሉ። ከየት ይመጣል? በየቤቱ አንዳንድ አለምነሽ አለች እኮ!

ወሬው ሸሕዲን ሲያዳርስ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ትናንት ግራውን ሲመቱ የነበሩ እናቶች ዛሬ ቀኙን ቸብ ማድረግ ጀመሩ። ሐጂ ራሳቸው አንድ ቀን ሱቃቸው ጓዳ ሳብ አድርገው ወሰዱኝና፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ የኔ ጀማል ትምህርቱ እምብዛም ነው... በግራ እግሩ ለሚራገጥስ የለም?» አሉኝ።

ምንታምር የሄደች ቀን መንገድ ዳር ቆመን ተላቀስን። አለምነሽ ልጇን አገላብጣ ሳመቻት፣ ደግማ አቀፈቻት፣ ሾፌሩ ጡሩንባ እየነፋም አልለቅ አለቻት። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። ምርቃቱ እንዳያመልጠኝ እኔም ተጠጋሁ።

«ልጀ፣ አደራሽን» አለቻት፣ «እዚያ ሰው ፊት ስትቀርቢ በቀኝሽ ብይ። አሳዳጊ የበደላት እንዳይሉሽ።»