ጎባ ይዤው የሄድኩት ሙገሳ

ሰውን ከስድብ ይልቅ ሙገሳ ያሰቃየዋል። ስድብ ቢሆን ለባለቤቱ መልሰህ፣ ትንሽም ጨምረህበት፣ ቀልሎህ ቤትህ ትገባለህ። ሙገሳ ግን መመለሻ የለውም፤ ተሸክመኸው ትዞራለህ። በማታውቀው ቋንቋ የተሞገስክ እንደሆነማ፣ የተሸከምከው ማር ይሁን እሬት ሳታውቅ ወገብህ ይጎብጣል።

እኔን ያሞገሰኝ የእህቴ ልጅ ጀማል ነው። ሮቤ ላይ ኮምባይነር የሚባለውን የእህል ማጨጃ ይጠግናል፤ የሲናና ስንዴ ሲደርስ ከእሱ በላይ የሚፈለግ ሰው የለም። እሱ ግን የሚፈልገው አንዲት ልጅ ነው። ራውዳ ትባላለች፤ ጎባ ውስጥ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። አባቷ ሐጂ ቃሲም የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችን ሁለት ጊዜ አሰናብተዋል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ለአረፋ ደግሞ ሌላ ወገን ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። ጀማል ተጨነቀና እኔን መረጠ።

መምረጡስ አይገርምም። አፌ የታወቀ ነው። ከዝናብ ተጠልዬ የጀመርኩትን ወሬ ስጨርስ ጎረቤቴ ገብሱን አጭዶ ወቅቶ ነበር ይባላል። ውሸት ነው፤ አጭዶ ነበር እንጂ ገና አልወቃም።

ይኸው ልጅ ለራውዳ በስልኩ፣ አጎቴ ኤሎኩዌንት ሰው ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈላት። ስሰማ ደነገጥኩ። ሐኪም ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው እንዲህ ያለ የበሽታ ስም ይዞ የሚመጣው። ጀማል አረጋጋኝ፤ ልቡ ያሰበውን አፉ አሳምሮ የሚያደርስለት ሰው ማለት ነው አለኝ። ቃሉ ግን ቦታ ይመርጣል አለ። ለሰው ይሆናል፣ ለንግግር ይሆናል፣ ከዚያ ውጭ ዝም ብሎ አይለጠፍም። ለቀዩ በሬዬስ ስለው፣ አይሆንም አለ። ለጭኮስ ስለው፣ «አቡያ፣ ጭኮ ይናገራል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። የእናቱ ወንድም ስለሆንኩ አቡያ ነው የሚለኝ። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ፣ በቅቤ ታሽቶ፣ ፊትህ ቀርቦ ካላናገረህ ጆሮህን ታከም አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ግን እንቅልፍ የለም። አስቡት እስቲ፤ እንግሊዝኛ አስተማሪ ያለችበት ቤት፣ በእንግሊዝኛ የተመሰከረለት አፍ ይዤ ልገባ ነው። ብሳሳት የሚዋረደው ጀማል፣ የሚያጣትም ጀማል። የምናገረውን አዘጋጅቼ በእርሻው መካከል ለበሬዎቼ ተናገርኩት። በሬዎቼ ልጅቷን ፈቅደዋል። ለባለቤቴ ለዘይነባ ልነግራት ስል፣ «ለጎባም ይትረፍ እንጂ» ብላ ወጣች።

ቀኑ ደረሰና ከሼህ ኡመር ጋር ከሮቤ ሚኒባስ ያዝን። ሼህ ኡመር ዱዓቸው የተወደደ፣ ጆሯቸው ግን የደከመ አባት ናቸው። በቆምንበት ተስማማን፤ እኔ እናገራለሁ፣ ስጨርስ እሳቸው ይመርቃሉ። መንገዱን ሙሉ ንግግሬን ሳነበንብ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት የሳቸውን ልጅ የጠየቅኩ መስሏቸው የልጁ ሥራ ምንድን ነው አሉኝ። ይህን ጥሩ ምልክት ነው ብዬ ያዝኩት።

የሐጂ ቃሲም ቤት ገባን። ሰላምታው በኦሮምኛ ተጀመረ፤ ሰው፣ ከብት፣ እህል፣ ዝናብ፣ ሁሉም ደህና መሆናቸው ተረጋገጠ። ጭኮ ቀረበ፤ ቅቤው መሐሉ ላይ እንደ ሐይቅ ተኝቷል። ሐጂ ቃሲም ወደኔ ዞረው፣ «በሉ እስቲ፣ ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የሴት ልጅ ሳል ሰማሁ።

እሷ ናት፣ ኤሎኩዌንቱን ሰውዬ ልትሰማ የቆመች ብዬ አሰብኩ። አበቃ። ያን ሁሉ ለበሬዎቼ የተናገርኩትን ንግግር በሬዎቼ ይዘውት ቀሩ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚሉት ይህንን ነው። አፌን ልከፍት ስል ጥርሴ ብቻ ተንቀጫቀጨ። ጭኮውን አየሁት። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ እህል አይቀምስም፤ እኔ ደግሞ ገና አልጠየቅኩም። መናገር አልቻልኩ፣ መብላት አልቻልኩ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሐጂ ቃሲምን አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ። በዚያ በጎባ ብርድ ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

ሼህ ኡመር አፌን ተመለከቱ። ተዘግቷል። እኔን ለሚያውቅ ሰው አፌ ተዘጋ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ተናግሬ የጨረስኩ መስሏቸው እጃቸውን ዘረጉና ጀመሩ። ጀማልንና ራውዳን አላህ ያጣምራቸው፤ አሚን። ቤታቸውን በልጅ ይሙላው፤ አሚን። ቤቱ በሙሉ አሚን ይላል፣ ሐጂ ቃሲምም አሚን ይላሉ። ለምን አሚን እንዳሉ የገባቸው ዱዓው ካለቀ በኋላ ነው። እንግዲህ በእኛ አገር የሽማግሌ ምርቃት ላይ የወጣ አሚን ተመልሶ አይዋጥም። በሩ በየት በኩል እንደሆነ አየት አደረግኩ።

ሐጂ ቃሲም ቀስ ብለው ተነሡ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ፤ ከልጃቸው ጋር ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ሲመለሱ እንዲህ አሉ፦ «ከእናንተ በፊት የመጡት ስለ ከብታቸውና ስለ ዘራቸው አውርተው ራሴን አዞሩት፤ ጭኮዬንም ጨረሱት። እርስዎ ግን እህል ሳይቀምሱ፣ አንዲት ቃል ሳያባክኑ ተቀመጡ። እንዲህ የከበደ ሰው ድሮ አባቶቻችን ዘንድ ነበር። ልጄም ወዳለች። በሉ ብሉ።»

በላሁ። ያን ጊዜ አፌ እንዴት እንደተከፈተ አትጠይቁኝ።

ሮቤ ስንደርስ ጀማል ስልኩን ይዞ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ ሳይለይ ጠበቀኝ። ራውዳ ጽፋለታለች፤ የአጎትህ ዝምታ ኤሎኩዌንት ነበር ይላል። ለንግግር እንጂ ለሌላ አይሆንም አላልክም ወይ ብዬ ተቆጣሁ። «አቡያ፣ ዝምታውም የሚናገር ከሆነ ይሆናል» አለኝ። ለጭኮ የከለከለውን ለዝምታ ፈቀደው።

ከዚያ ቤቴ ገብቼ ለዘይነባ ሁሉንም፣ አስተማሪዋ የጻፈችውን ሳይቀር ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ይህ ራሱ ያልተለመደ ነገር ነው። በነጋታው ግን ሐጂ ቃሲም እንዴት እንዳዩኝ እንደገና ልጀምር ስል፣ ከምትለቅመው ስንዴ ቀና ሳትል፣ «አሁን ደግሞ ራውዳ ባሞገሰችው በእንግሊዝኛው ንገረኝ» አለችኝ።